ልጅህ ሲያጨስ ብታገኘው፦ ከአለንጋው በፊት ጤና ጣቢያው

  

የዛሬው ርእሳችን ብዙ ወላጆች በር ዘግተው በሹክሹክታ የሚያወሩት ጉዳይ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እዚህ አሶሳ ውስጥ ሦስት ወላጆች በተለያየ ቀን፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቀው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል። «ኡስታዝ፣ ልጄ ሲጋራ ጀምሯል፣ ምን ላድርግ?» ነው ጥያቄው። አንደኛው ሩቅያ እንዳደርግለት ፈለገ። ሁለተኛው ልጁን ገርፎት ነበር፤ ልጁም ከቤት ወጥቶ ሁለት ሌሊት አድሯል። ሦስተኛዋ እናት ናት፤ እሷ ማልቀስ ብቻ ነበር የቻለችው። ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ያሰበ ግን አንድም አልነበረም። «ሲጋራ በሽታ ነው እንዴ?» አለኝ አንዱ።

መልሱን ከማምጣቴ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመድረሳችን አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። አሥር ጁዝእ በቃሉ ይዟል። በረመዳን ተራዊሕ ላይ ከኋላዬ ቆሞ ስሳሳት የሚያርመኝ እሱ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲገባ ልብሱ ጭስ ጭስ ይሸታል። እኔም በልጆቹ ሁሉ ፊት አስነስቼ፣ ቁርኣን በሚቀራ አፍ ይህ እንዴት ይገባል ብዬ ገሠጽኩት። ትንንሾቹ ሳቁበት። ልጁ ሙስሐፉን በቦታው አስቀምጦ ወጣ። በማግስቱም አልመጣም፣ በሳምንቱም አልመጣም። ሲጋራውን እንዲተው ፈልጌ መድረሳውን አስተውኩት።

ከአራት ወር በኋላ ወባ ያዘው። የኛ አገር ወባ የማያንኳኳው ቤት እንደሌለ ታውቃላችሁ። እናቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ደሙ ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ጤና መኮንኑ እናትየዋን «እናቴ፣ ለአፍታ ውጭ አረፍ ይበሉልኝ» አላትና ከልጁ ጋር ብቻውን ቀረ። ስለ ትምህርት ጠየቀው፤ ስለ ኳስ ጠየቀው። ከዚያ «ጓደኞችህ ያጨሳሉ?» አለው። ልጁ «አዎ» አለ። «አንተስ ሞክረህ ታውቃለህ?» ሲለው ዝም አለ። ባለሙያውም አላጣደፈውም። «ለእናትህ አልናገርም፤ እኔ ላግዝህ ነው» አለው። ያኔ በቀን አራት ፍሬ እንደሚያጨስ ነገረው። እኔ በሠላሳ ልጅ ፊት በጩኸት ያላገኘሁትን እውነት ያ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ በለሆሳስ አገኘው። ይህን የምነግራችሁ ልጁ ራሱ በኋላ አጫውቶኝ፣ ስሙ እንዳይጠራ ብቻ አደራ ብሎ ስለፈቀደልኝ ነው።

አሁን «ሐራም ነው ማለት አይበቃም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ስለ ሑክሙ አጠር አድርጌ ልናገር። ትንባሆ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው በ16ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው፤ በሂጅራ አቆጣጠር አንድ ሺህኛው ዓመት አካባቢ ማለት ነው። በመጣበት ጊዜ ዑለሞች ተለያይተዋል። በግብፅ ኢብራሂም አል-ለቃኒ አጥብቀው ሲያወግዙት የዘመናቸው ሰው ዐሊ አል-ኡጅሁሪ ፈቅደውታል፤ በደማስቆም ዐብዱልገኒ አን-ናቡሉሲ ይፈቀዳል ብለው ጽፈዋል። የዑስማንያው ሱልጣን ሙራድ አራተኛ ግን እ.ኤ.አ. በ1633 አጫሹን በሞት እስከ መቅጣት ደርሷል። የፈቀዱት ዑለሞች የያዙት ምክንያት ጉዳቱ አልተረጋገጠም የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 በለንደን ዶልና ሂል የተባሉ ተመራማሪዎች ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር ጋር የሚያያይዘውን ጥናታቸውን ካወጡ በኋላ ያ ምክንያት ፈርሷል። ዛሬ ትንባሆ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። ስለዚህ የዘመናችን ብዙኃን ዑለሞች ነፍስን ለጥፋት መዳረግንና ገንዘብን ማባከንን በሚከለክሉት አንቀጾች መሠረት ሐራም ብለውታል። እኔም በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም።

ነገር ግን ሑክሙን ማወቅ ሌላ ነው፣ ከሱስ መውጣት ሌላ ነው። ያ አሥር ጁዝእ የያዘው ልጅ ሐራም መሆኑን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር! ኒኮቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ጭሱ ከተሳበ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። የአሥራዎቹ ዕድሜ አንጎል ደግሞ ገና በማደግ ላይ ያለ ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዶክተር ዲፍራንዛ የተባሉ ሐኪም ተማሪዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ባወጧቸው ጥናቶች የሱስ ምልክት በአንዳንድ ልጆች ላይ በየቀኑ ማጨስ ከመጀመራቸው በፊት፣ አልፎ አልፎ ሲያጨሱ በሳምንታት ውስጥ ጭምር እንደሚታይ አሳይተዋል። ስለዚህ ልጃችሁ «እኔ ሱስ የለብኝም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው» ሲላችሁ ውሸቱን ላይሆን ይችላል። ሱሱ ግን ሳያውቀው ይዞት ይሆናል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአዋቂዎች የትንባሆ ጥናት ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ መቶ ሰዎች አምስቱ ትንባሆ ይጠቀማሉ። በወንዶች ከመቶ 8.1፣ በሴቶች ከመቶ 1.8 ነው። ከሌላው ዓለም ሲነጻጸር ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን እኛ በክልላችን ሲጋራን ብቻ ይዘን አንቀመጥ። ጋያ አለ፤ በቅሉ ውሃ ውስጥ አልፎ ስለሚሳብ ብዙ ሰው ጉዳት የሌለው ይመስለዋል፤ ውሃው መርዙን አያጥበውም። ሱረት አለ። ከሱዳን በኩል ደግሞ ቱምባክ የሚባለው በከንፈር ሥር የሚያዝ ትንባሆ አለ፤ ከአትሮን ጋር ተለውሶ የሚዘጋጅ ነው። የሱዳን ሐኪሞች ከአፍ ካንሰር ጋር እንደሚያያዝ ለዓመታት ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል። ጭስ የለውምና እናት በሽታ አታውቀውም። ሺሻና ጫትም አሉ። ጫቱ ላይ የተቀመጠ ልጅ ሲጋራውን «ለምርቃናው» ብሎ ይጀምራል፤ በኋላ ጫቱን ቢተው እንኳ ሲጋራው አብሮት ይቀራል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በመተከል በነበረው ግጭት የተፈናቀሉ፣ በ2015 በሱዳን ጦርነት ሲነሳ በኩርሙክ በኩል የገቡ ወጣቶችም በመካከላችን አሉ። ልባቸው የተጎዳ ልጆች ናቸው። ለእነሱ ሲጋራ የጭንቀት ማስታገሻ መስሎ ይታያቸዋል።

ታዲያ ጤና ጣቢያ ምን ሊያደርግ ይችላል? መድኃኒት አለው ወይ? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው።

የሐኪም ምክር ብቻውን ኃይል እንዳለው ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1979 በለንደን ታትሞ የወጣ ጥናት ነበር። 28 ጠቅላላ ሐኪሞች ሊታከሙ የመጡ ከሁለት ሺህ በላይ አጫሾችን ተመለከቱ። ምንም ካልተባሉት ውስጥ በዓመቱ ሲጋራ ትተው የተገኙት ከመቶ 0.3 ብቻ ነበሩ። ሐኪሙ አንድ ሁለት ደቂቃ ከመከራቸው፣ የምክር ወረቀት ከሰጣቸውና ክትትል እንደሚደረግላቸው ከነገራቸው መካከል ግን ከመቶ 5.1 ትተዋል። አምስት ከመቶ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። በአንድ ዓመት መቶ አጫሽ ወጣት ለወባ ምርመራ በሚመጣበት ጤና ጣቢያ ብታስቡት አምስት ልጅ ማለት ነው፤ ወጪው ደግሞ ሁለት ደቂቃ ንግግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ባወጣው የአዋቂዎች መመሪያ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ለማንኛውም ትንባሆ ተጠቃሚ ከ30 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ የሚሆን ምክር ሁልጊዜ እንዲሰጥ መክሯል።

ስለ ልጆችስ? በማሳቹሴትስ ስምንት የሕፃናት ክሊኒኮች ውስጥ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ 2,711 ልጆች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት አለ። ሐኪሙ ልጁን ይጠይቃል፣ ይመክራል፤ ከዚያ በዕድሜ ብዙም ለማይርቀው የሠለጠነ ወጣት አማካሪ ያስተላልፈዋል። አማካሪው እዚያው ያነጋግረውና በኋላ አራት ጊዜ በስልክ ይደውልለታል። ከስድስት ወር በኋላ በዚህ መንገድ የታገዙት አጫሾች ከሌሎቹ ይልቅ ትተው ተገኙ። በዓመቱ ግን በአጫሾቹ መካከል የነበረው ልዩነት ደበዘዘ። ጀምረው የማያውቁት ልጆች ግን በዓመቱም ቢሆን ከሌሎቹ በተሻለ ሳይጀምሩ ቆዩ። ከዚህ እኔ የተረዳሁት አንድ ጊዜ ሄዶ መመለስ እንደማይበቃና ስልኩ ሲቆም ልጁም እንደሚንሸራተት ነው። ያልጀመረውን ልጅም ሐኪሙ ቢያናግረው አይጎዳም፤ ይጠቅመዋል እንጂ።

መድኃኒትን በተመለከተ ለአዋቂዎች የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ፣ እንዲሁም የሚዋጡ እንክብሎች አሉ። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ግን እነዚህ መድኃኒቶች እንደሚሠሩ የሚያሳየው ማስረጃ ደካማ ነው። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2020 ልጆች እንዳይጀምሩ የሚሰጠውን ምክር ሲደግፍ፣ የጀመሩትን ስለ ማስተው ግን በቂ ማስረጃ አልተገኘም ብሏል። ስለዚህ ማንም ሰው ከውጭ አገር ዘመድ አስልኮ ለልጁ ፕላስተር እንዳይለጥፍ። በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ለማስተው መሞከርም ኒኮቲኑን በሌላ ዕቃ ማቅረብ ነው። ለልጅ ዋናው ሕክምና ንግግርና ክትትል ነው።

አሁን ከልጃችሁ ጋር ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ምን እንደምትጠብቁ ልንገራችሁ። ባለሙያው ልጁን ብቻውን ለማናገር ሲጠይቅ «እኔ አባቱ ነኝ፣ ምን የምትደብቁኝ አለ?» አትበሉ። ውጡ። በዲናችን የሰውን ነውር መሸፈን የተወደደ ሥራ ነው፤ የሐኪም ምስጢርም አማና ነው። ልጁ ሊዋሸን የሚችለው ስለሚያፍረን ነው፤ ሐያእ ስላለው ማለት ነው፤ ይህም በራሱ መልካም ነገር ነው።

ባለሙያው ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ጠዋት ከእንቅልፍ ከተነሳ በኋላ የመጀመሪያዋን በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደሚያጨስ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ሱሱ ጠንከር ብሏል ማለት ነው። የትና ከማን ጋር እንደሚያጨስም ይጠይቀዋል። ከዚያ ጉዳቱን ሲነግረው በስድሳ ዓመቱ ስለሚመጣ ካንሰር ቢያወራው ልጁ አይሰማውም። የ15 ዓመት ልጅ ስድሳ ዓመት መቼ ይታየዋል? ያ ጤና መኮንን የነገረው ስለ ኳሱ ነበር። «ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ለምን እንደምትደክም ታውቃለህ? ደምህ ኦክስጅን መሸከም ሲገባው የሲጋራውን ጋዝ እየተሸከመ ነው። ዛሬ ብታቆም ነገ ከደምህ ይወጣል» አለው። እውነቱን ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ በአንድ ቀን ውስጥ ከደም ይጸዳል። ቀጥሎ ሒሳብ አሠራው። በቀን አራት ፍሬ በዓመት 1,460 ፍሬ ነው፤ 73 ፓኮ ማለት ነው። በብር ስንት እንደሚሆን ልጁ ራሱ አስልቶ ደነገጠ።

ከዚያ ቀን ይቆረጣል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚሆን፣ ልጁ ራሱ የሚመርጠው ቀን ነው። እኛ አንምረጥለት። ልጃችን ጁሙዓን መረጠ። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሐራራው የሚከፋበት ጊዜ ነው። ይነጫነጫል፣ ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ትምህርት አይገባውም፣ ምግብ ይበዛበታል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ድረስ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ወላጅ ልጁ ሲቆጣ «ባለጌ!» ብሎ ይጮህበትና ሥራውን ሁሉ ያፈርሰዋል። እናቶች፣ በእነዚያ ቀናት ልጁ ሳህን ቢሰብር እንኳ እለፉት። አንዱ የሐራራ ማዕበል ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። በዚያች ደቂቃ እጅና አፍ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ቆሎ፣ ውሃ፣ ውዱእ፣ ወጣ ብሎ መራመድ ይረዳል። ጤና መኮንኑ ማስቲካ አለው፤ ልጁ ግን በራሱ ሐሳብ ሲዋክ ያዘ። ሱንናውም ተገኘ፣ አፉም ሥራ አገኘ። ይህን እንኳ እኔ አላሰብኩለትም ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ተመልሶ መታየት አለበት፤ ቢያንስ ይደወልለት። ከወር በኋላም እንደገና። ቢመለስበትስ? ብዙዎች አንድ ሁለት ጊዜ ይመለሱበታል። ተመልሶ ማጨሱ ምክሩ አልሠራም ማለት አይደለም፤ የት እንደተንሸራተተ ተነጋግሮ ሌላ ቀን መቁረጥ ነው። ተውበት በር እንደማይዘጋበት ሁሉ ማለት ነው።

የአባቶችን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ሲጋራ እያጨስክ ልጅህን ለማስተው ጤና ጣቢያ የምትወስደው ወንድሜ፣ ካርድ ስታወጣ ሁለት አውጣ። ልጅህንም «አንድ ፍሬ ግዛልኝ» ብለህ አትላከው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥ የተከለከለ ነው፤ በፍሬ መሸጥም እንዲሁ። ስለዚህ ልኮህ ባለ ሱቁንም ወደ ጥፋት ይከተዋል። ሱቅ ያላችሁ ወንድሞቻችንም በዚህ ልጅ ትርፍ አታግኙ። የአንድ ፍሬ ትርፍ በረካ የምታመጣ አይመስለኝም። ከመድረሳና ከትምህርት ቤት አጠገብ በፍሬ የሚሸጥ ካለ ደግሞ መጀመሪያ በመልካም ንገሩት፤ ካልሰማ የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት አለ።

ስለ ረመዳን የጠየቀችን እኅት ነበረች። ልጇ በጾሙ ቀን እንደማያጨስና ከኢፍጣር በኋላ ግን እንደሚጠፋባት ነግራናለች። እኅቴ፣ ይህ መልካም ዜና ነው። ልጅሽ ከፈጅር እስከ መግሪብ ከአሥራ ሦስት ሰዓት በላይ ያለ ሲጋራ መቆየት ችሏል። ሐኪሙ ለልጁ ሊያሳየው የሚፈልገው ይህንኑ ችሎታውን ነው። የቀረው ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ያለው ጊዜ ነው፤ ከቴምሩ ቀጥሎ ለመግሪብ፣ ከእራት ቀጥሎ ለተራዊሕ አብሮት የሚሄድ ሰው ካገኘ ሌሊቱ ያጥራል። ሻዕባን ሲገባ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ የሚተውበትን ቀን የረመዳንን የመጀመሪያ ቀን ያድርግ፤ ለዒድ ሳምንት ደግሞ ቀጠሮ ይያዝለት። ዒድ ላይ ነው ጓደኛ የሚበዛው።

ለኡስታዞችና ለኢማሞች አንድ ቃል አለኝ። ጭስ የሸተተንን ልጅ ከሐለቃ አናስወጣው። ሽንኩርት የበላ ሰው መስጂዱን በሽታው እንዳያስቸግር የታዘዘውን እያነሳን ልጆችን የምናባርር አለን፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ልጁን ለብቻው ጠርታችሁ አነጋግሩት፣ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሰው ፈልጉለት። ብትችሉ ጤና ጣቢያው ውስጥ ልጆችን በትዕግሥት የሚያናግር አንድ ባለሙያ ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። ሁሉም ባለሙያ አንድ አይደለም፤ «ለወባ መጣህ እንጂ ለሲጋራ አልመጣህም» ብሎ የሚመልስም አይጠፋም። ወረፋው ረጅም ነው፣ እነሱም ይደክማሉ። እንዲህ ከሆነ በሌላ ቀን፣ ወረፋ በማይበዛበት ከሰዓት በኋላ መመለስ ነው።

ያ ልጅ በመጀመሪያው ጁሙዓ ካቆመ በኋላ በአጎቱ ሠርግ ላይ ተመለሰበት። ጤና መኮንኑ ደውሎ አገኘው፤ ሌላ ቀን ቆረጡ። ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፎታል፣ አልሐምዱሊላህ። ቁርኣኑን ቀጥሏል፤ የሚቀራው ግን በሌላ መስጂድ፣ በሌላ ኡስታዝ ዘንድ ነው። በመንገድ ስንገናኝ ቆሞ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ እጄን ይስማል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ «ዐፍው ብያለሁ ኡስታዝ» ብሎኛል። ወደ ሐለቃዬ ግን አልተመለሰም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።